የቱርቦ ስኖውሞቢል ቺንጋ ቶሎ ቶሎ የሚበጠስባችሁ በነዚህ ስህተቶች ነው

ቱርቦ ስኖውሞቢል (በረዶ ላይ የሚነዳው ማሽን) ይዛችሁ ቺንጋው (ያው እዚህ ሁላችንም ቤልት ነው የምንለው) በየሳምንቱ የሚበጠስባችሁ ከሆነ መጀመሪያ ቤልቱን አትውቀሱት። እኔ ዴንቨር ሆኜ በገዛሁት ማሽን በመጀመሪያው ዊንተር ሦስት ቤልት ጨርሻለሁ፣ አንዱ ወደ 200 ዶላር ነው፣ ሦስተኛው ሲበጠስ ደግሞ ራቢት ኢርስ ፓስ የሚባለው የኮሎራዶ ተራራ ላይ ከአስፋልቱ ብዙ ርቀን ጸሐይዋ ልትጠልቅ ስትል ነበር፣ ትርፍ ቤልት አልያዝኩም፣ ጓደኛዬ በገመድ እየጎተተ ነው ያወጣኝ። ከዛ ወዲህ ነገሩን ቁጭ ብዬ ተማርኩት፣ አሁን ያለው ቤልቴ ሁለተኛ ዊንተሩን ይዟል።

አሠራሩን ለማያውቅ ሰው ባጭሩ ልበል። ስኖውሞቢል እንደ መኪና የሚቀያየር ማርሽ የለውም፣ ያለው ሁለት ፑሌጃ ነው፣ የፊቱ ሞተሩ ላይ፣ የኋላው ጉልበቱን ወደ ትራኩ (ከስር እየዞረ ማሽኑን የሚገፋው ሰፊ የጎማ ቀበቶ) የሚያደርሰው ዘንግ ላይ፣ ሁለቱም ክላች ነው የሚባሉት፣ በመሃላቸው የጎማ ቤልቱ አለ። ቤልቱ ከውስጥ ጥርስ የሚመስል ነገር ቢኖረውም እሱ እንዲተጣጠፍ ነው እንጂ የሚገባበት ነገር የለም፣ ጉልበት የሚያስተላልፈው ፑሌጃዎቹ ግራና ቀኝ ቆንጥጠው ስለያዙት ብቻ ነው። ቁንጥጫው ከሞተሩ ጉልበት ካነሰ ይንሸራተታል፣ ሲንሸራተት ይግላል፣ ሲግል ጎኑ እንደ መስታወት ያብለጨልጭና የባሰ ይንሸራተታል፣ ከዛ በቃ ይበጠሳል። ቤልት የሚገድለው ሙቀት ነው። ከታች የምላችሁ ሁሉ ዞሮ ዞሮ እዚሁ ነው የሚመጣው።

የመጀመሪያውና ትልቁ ስህተት ቱርቦውን ቱርቦ እንደሌለው ማሽን መቁጠር ነው። አዲስ አበባ መኪና የነዳ ሰው ይሄን ቶሎ ይገባዋል፣ ከፍታ ላይ አየሩ ስስ ስለሆነ ሞተር ይደክማል፣ በየ1000 ጫማው በግምት 3 ፐርሰንት ጉልበት ይቀንሳል። አዲስ አበባ ወደ 2350 ሜትር ላይ ናት፣ እኛ እዚህ ኮሎራዶ የምንነዳው ከዛም በላይ ነው፣ ስለዚህ ቱርቦ የሌለው ማሽን እዚህ ተራራ ላይ ሲደርስ ከጉልበቱ ሩቡንና ከዛ በላይ ያጣል፣ ቤልቱም በዛው ልክ እፎይ ይላል። ቱርቦ ግን የጠፋውን አየር ጨምቆ መልሶ ያስገባል። ስኪዱ የሚባለው የስኖውሞቢል አምራች በ2020 ሞዴሉ ከፋብሪካ ቱርቦ የገጠመለትን ባለ ሁለት ስትሮክ 850 ሞተር ሲያወጣ እስከ 8000 ጫማ ድረስ 165 የፈረስ ጉልበት አይቀንስም ብሎ ነው፣ በ2022 ተፎካካሪው ፖላሪስም የራሱን ይዞ መጣ፣ ስኪዱም ወደ 180 ከፍ አደረገው። ይሄ ሁሉ ጉልበት የሚያልፈው በአንድ የጎማ ቀለበት ነው፣ እሱም ጥልቅ በረዶ ውስጥ፣ ዳገት ላይ፣ ቀስ እየተባለ። ድሮ አንድ ቤልት አራት ዊንተር ያገለግለኝ ነበር የሚል ሰው ልክ ነው፣ ማሽኑ ግን ሌላ ነበር።

ከዚህ የሚቀጥለው ቡስት (ቱርቦው አየር የሚጨምቅበትን ግፊት) ጨምሮ ክላቹን እንዳለ መተው ነው፣ እኔ ሁለቱን ቤልት የጨረስኩት በዚህ ነው። ቡስቱ እንዲጨምር የሞተሩን ኮምፒውተር አስነካሁ፣ ማሽኑ እንደ አውሬ ሆነ፣ ደስ አለኝ፣ ያሠራልኝ ሰው ስለ ክላች አንድም ነገር አልነገረኝም። ሞተሩ ላይ ያለው ክላች ውስጥ የሚወዛወዙ ክብደቶች አሉ፣ ሞተሩ ሲሽከረከር ወደ ውጭ እየተወረወሩ ፑሌጃውን ገፍተው ቤልቱን ይቆነጥጡታል። ጉልበት ጨምራችሁ ክብደቱን ካልጨመራችሁ ሞተሩ መድረስ ካለበት ዙር ያልፋል፣ ቁንጥጫው አይበቃም፣ ቤልቱ ይንሸራተታል። ሙሉ ነዳጅ ሰጥታችሁ ዳገት ስትወጡ አርፒኤሙን (የሞተሩን ዙር በደቂቃ) እዩት፣ ለማሽናችሁ ከተባለው በላይ እየዘለለ ከሆነ ክብደቱ ቀሏል ማለት ነው፣ ከታች ተንጠልጥሎ ከቀረ ደግሞ ከብዷል። የኋለኛውም ክላች ሞላና ሂሊክስ (የክላቹን አከፋፈት የሚወስነው ጠመዝማዛ ብረት) አብሮ መስተካከል አለበት፣ እሱን ለሚያውቅ ሰው ስጡት። ለክላች የምታወጡት ገንዘብ በሁለት ቤልት ይመለስላችኋል።

ሙቀቱን ሳይለኩ መንዳትም አለ። ርካሿን የኢንፍራሬድ ቴርሞሜትር ኪሳችሁ ውስጥ አድርጉ። አንድ ዳገት ከወጣችሁ በኋላ ሞተሩን አጥፍታችሁ የሴፍቲ ገመዱን ነቅላችሁ የጎን ሽፋኑን ክፈቱና ሁለቱንም ፑሌጃ ለኩ። ከ180 ፋራናይት በታች ከሆነ ሰላም ነው፣ 200 ከተጠጋ መስመር ላይ ናችሁ፣ ከዛ በላይ ከሆነ ቤልቱ እየተቃጠለ ነው። የትኛው እንደጋለ ማየቱ ደግሞ በጣም ነው የሚጠቅመው፣ የፊቱ በብዙ ከበለጠ ቤልቱ የሚንሸራተተው እዛ ነው፣ የኋላው ከበለጠ እዛ። መለኪያ የሌለው ሰው ማሽኑ ከጠፋ በኋላ በጥንቃቄ መዳፉን የፑሌጃው ብረት ላይ አስጠግቶ ይሞክር፣ እጅ የማያስቀምጥ ከሆነ እዛው ቁሙና ይቀዝቅዝ። ሽፋኑን ከፍቶ ወይም አውጥቶ መንዳት ግን በጭራሽ፣ ቤልት ሲበጠስ እግራችሁ አጠገብ እንደ አለንጋ ነው የሚወጣው።

አየር ማስገቢያውንም እዩት። ብዙ ሰው ዱቄት በረዶ እንዳይገባ ብሎ ቀዳዳዎቹን በስፖንጅ ወይም በቴፕ ይደፍናል፣ በረዶ ገብቶ ቤልቱን ካረጠበው እውነትም ይንሸራተታል፣ ግን ደፍኖ መተው ክላቹን ምድጃ ውስጥ መክተት ነው። የሚሻለው አየር የሚያሳልፍ ወንፊት ጨርቅ ነው፣ እሱም ላይ በረዶ ሲጋገር እየወረዱ መጥረግ።

አዲስ ቤልት እንደገጠሙ ሙሉ ነዳጅ መስጠት! ይሄን የማያደርግ ሰው አላየሁም፣ እኔም አድርጌዋለሁ። አዲሱን ቤልት መጀመሪያ በሞቀ ውሃና በሳሙና እጠቡት፣ ከፋብሪካ የመጣ ቅባት ነገር አለው፣ በደንብ አድርቁት፣ የፑሌጃዎቹን ፊት ደግሞ በሸካራ ስፖንጅና በፍሬን ማጽጃ ፈትጉ፣ የድሮው ቤልት ጥቁር ዱቄት እዛ ከቀረ አዲሱ ቤልት የሚይዘው የለም። ከዛ የመጀመሪያዎቹን 50 ኪሎ ሜትር በተለያየ ፍጥነት፣ ከግማሽ ነዳጅ ብዙም ሳታልፉ ንዱት።

ጠዋት ጠዋት ደግሞ ሌላ ጉድ አለ። ማሽኑ ሲያድር ትራኩ ከመሬቱ ጋር ይጣበቃል፣ ቤልቱም በብርድ እንደ እንጨት ደርቋል፣ ሰውየው አስነስቶ ነዳጁን ጥርቅም ያደርገዋል። ትራኩ አይዞርም፣ የፊቱ ፑሌጃ ግን ቤልቱን አንድ ቦታ ላይ ይፍቀዋል፣ እዛ ቦታ ወገቡ ቀጥኖ ይቀራል፣ ከዛ በኋላ ስትነዱ ዱብ ዱብ የሚል ስሜት ከተሰማችሁ ያ ነው፣ ያ ቤልት አይድንም። ሞተሩን ሳታስነሱ በፊት የኋላውን ከፍ አድርጋችሁ ነቅንቁት፣ ከዛ አስነሱና ጥቂት ደቂቃ ይሙቅ፣ መጀመሪያ ቀስ ብላችሁ ሂዱ። በረዶ ውስጥ ተቀብራችሁ ስትቀሩም ያው ነው፣ ነዳጅ እየሰጡ ከመቆፈር ወርዶ በአካፋ ማውጣት ይሻላል፣ ላብ ያስወጣል ግን 200 ዶላር አያስወጣም።

አላይንመንቱ (የሁለቱ ፑሌጃዎች ቀጥታ መተያየት) የተዛባ ማሽን ላይ ምንም ዓይነት ውድ ቤልት ብትገጥሙ አይቆይም። ከፋብሪካ ልክ ሆኖ ቢመጣም ሞተሩ የታሰረባቸው ጎማዎች እያደር ይለሰልሳሉ፣ ቱርቦው ሲነሳ ሞተሩ ወደ ኋላ ይጠመዘዛል፣ ሁለቱ ፑሌጃዎች ፊት ለፊት መተያየታቸው ይቀራል። ምልክቱ ቤልቱ ላይ ነው፣ አንዱ ጎኑ ብቻ ክር ክር እያለ ከተፈታ አላይንመንት ነው። ቤልቱ ኋለኛው ፑሌጃ ላይ ከጠርዙ ትንሽ ብቅ ብሎ መቀመጥ አለበት፣ ወደ ውስጥ ከሰመጠ ሲነሳ ያቃጥላል፣ በጣም ከጠበቀ ደግሞ ነዳጅ ሳትሰጡ ማሽኑ በራሱ ሊሄድ ይፈልጋል። የቤልቱ ቁጥርም ለማሽናችሁ የተባለው ይሁን፣ መጠኑ ይቀራረባል ብሎ ሌላ መግጠም ዋጋ ያስከፍላል። ከኋላው ክላች ወደ ትራኩ ያለው የማይቀያየረው ማርሽም ቢሆን፣ ሁልጊዜ ጥልቅ በረዶና ዳገት የምትነዱ ከሆነ ጊሩን ማሳጠር ቤልቱን በጣም ያቀልለታል፣ በሜዳ የምታጡት ትንሽ ፍጥነት ነው።

የመጨረሻው ብዙ ሰው የማያስበው ነው። ቤልት ሲበጠስ ሰው ደንግጦ ወይ ቸኩሎ አዲሱን ይሰካና ይሄዳል። የተበጠሰው ቤልት ውስጥ ያለው ክር ግን በጣም ጠንካራ ነው፣ ተበጣጥሶ ከክላቹ ጀርባ ዘንጉ ላይ ይጠመጠማል፣ እየዞረ የክራንክሻፍቱን (የሞተሩን ዋና ዘንግ) ማገጃ ጎማ ይበላል፣ ኋላ በኩል ደግሞ ኩሽኔታ ጋ ይገባል፣ ያኔ የቤልት ዋጋ የሞተር ዋጋ ይሆናል። ባትሪ አብሩና ከሁለቱም ክላች ጀርባ እዩ፣ ክሩን በፒንሳና በቢላ አንድም ሳይቀር ልቀሙት፣ የጎማ ቁርጥራጩን ከኮፈኑ ስር አራግፉ፣ አዲሱንም ቤልት ቅድም ያለው ሙቀት እስኪወርድ ጠብቃችሁ ግጠሙ። ትርፉን ቤልት ደግሞ አጣጥፋችሁ ወይ እንደ ገመድ ጠቅልላችሁ ቦርሳ ታች አትጠቅጥቁት፣ ክሩ ውስጥ ለውስጥ ይሰበራል። ኦሪጅናል ቅርጹን ይዞ ይቀመጥ፣ መፍቻ ቁልፉም ከሱ ጋር፣ አንድ ጊዜ እቤታችሁ ጋራዥ ውስጥ በጓንት ፈትታችሁ ገጥማችሁ ሞክሩት፣ ተራራ ላይ በብርድና በጨለማ የመጀመሪያችሁ እንዳይሆን።