የዋሽንግተን ፖለን (የዕፅዋት ብናኝ) አለርጂ፦ በየኤፕሪሉ የሚደጋገሙ ስህተቶች

ጥፋቱን በቼሪ አበባ ማሳበብ። የቼሪ ብናኝ ከባድና የሚጣበቅ ስለሆነ የሚያመላልሰው ንብ እንጂ ነፋስ አይደለም። መኪናውን ቢጫ የሚያደርገው የፓይን ዛፍ ብናኝም ዓይን ይሞላል እንጂ አለርጂ የሚያስነሳው በጥቂት ሰው ላይ ነው። ዲሲን፣ ሲልቨር ስፕሪንግንና አሌክሳንድሪያን በኤፕሪል የሚያስለቅሰው በተለይ የኦክ ዛፍ ብናኝ ነው። በሜይና በጁን ሣሩ ይተካል፤ ከኦገስት አጋማሽ እስከ መጀመሪያው ውርጭ ደግሞ ራግዊድ የሚባለው አረም አለ።

«አምና ምንም አልሆንኩም» ብሎ መዘናጋት። አዲስ የመጣ ሰው ሰውነቱ ለማያውቀው ብናኝ እስኪቆጣ ጥቂት ዓመት ሊወስድበት ይችላል።

የአፍንጫ ስፕሬይን እንደ ራስ ምታት ኪኒን ማየት። ይሄ ስህተት በየዓመቱ ያው ነው። ሰው አፍንጫው ከተደፈነ በኋላ ፍሎኔዝ ይገዛል፣ ሁለት ቀን ይረጫል፣ «አይሠራም» ብሎ ይወረውራል። በውስጡ ያለው መድኃኒት፣ ፍሉቲካዞን፣ እብጠቱን የሚያበርደው ቀስ እያለ ነው፤ ሙሉ ጉልበቱ እስኪታይ ከቀናት እስከ ሁለት ሳምንት ይፈልጋል። ስለዚህ ለኦክ በማርች አጋማሽ ይጀመራል፤ ወቅቱ እስኪያልፍም በየቀኑ ይቀጥላል። አረጫጨቱም ይበላሻል። ጠርሙሱን ነቅንቁ፤ አዲስ ከሆነ እንደ ጤዛ የደቀቀ ርጭት እስኪወጣ አየር ላይ ርጩት። አንገታችሁን ትንሽ ደፋ አድርጉ። በቀኝ እጅ ወደ ግራው ቀዳዳ፣ በግራ እጅ ወደ ቀኙ፣ ጫፉን ወደ ጆሮ አቅጣጫ አዘንብሉ። መሃለኛውን ግድግዳ የሚመታ ሰው የሚያተርፈው ነስር ነው። ለአዋቂ በመጀመሪያው ሳምንት በየቀዳዳው ሁለት ሁለት ጊዜ፣ በቀን አንዴ። በኃይል አትማጉት፤ ጉሮሮ ውስጥ የገባ መድኃኒት ለአፍንጫ አይረባም።

ትዕግሥት ያጣው ደግሞ አፍሪን የሚባለውን አፍንጫ ከፋች ስፕሬይ ይወዳል፤ በደቂቃዎች ይከፍታልና። ከ3 ቀን በላይ ከተረጨ ግን አፍንጫው መልሶ ይደፈናል፣ ሰውየው ይጨምራል፣ አፍንጫውም ይብሳል። 3 ቀን ማለት 3 ቀን ነው።

ቤናድሪል የሚባለውን፣ እንቅልፍ የሚያመጣ የአለርጂ ኪኒን ውጦ መሪ መጨበጥ። ለታክሲና ለኡበር ሾፌር ይሄ ቀልድ አይደለም። ሎራታዲን 10 ሚሊግራም ወይም ፌክሶፌናዲን 180 ሚሊግራም ይሻላል፤ ሴቲሪዚን አንዳንዱን ያስተኛል። ፌክሶፌናዲንን በውኃ ብቻ ዋጡት፤ የብርቱካንና የፖም ጭማቂ ሰውነት መድኃኒቱን እንዳይወስድ ያግዱታል። ስሙ ላይ «ዲ» የተጨመረበት ኪኒን ደም ግፊት ላለበት አይሆንም።

«ሳይነስ ነው» ብሎ አንቲባዮቲክ መለመን። እንደ ውኃ የጠራ ንፍጥ፣ የሚያሳክክ ዓይንና ላንቃ፣ ትኩሳት የሌለበት ከሆነ አንቲባዮቲክ ምንም አይፈይድለትም። ደረት ሲር ሲር ካለ ወይም ትንፋሽ ካጠረ ግን ሐኪም ዘንድ ሂዱ።

አፍንጫን በቧንቧ ውኃ ማጠብ። የተጣራ (ዲስቲልድ) ወይም ፈልቶ የበረደ ውኃ ብቻ። ለመጠጥ ንጹሕ የሆነ ውኃ ለአፍንጫ አደገኛ አሜባ ሊይዝ ይችላል፤ ብርቅ ቢሆንም ይገድላል።

ነጠላና አንሶላ በረንዳ ላይ ማስጣት፣ ፀጉር ሳይታጠቡ መተኛት፦ ብናኙን ለትራስ ማቀበል ነው። መስኮቱን ዘግቶ ዕጣን ማጨስም ስህተት ነው፤ ጭሱ አለርጂ ባይሆን እንኳ የተቆጣ አፍንጫን ያብሳል።

የአለርጂ የቆዳ ምርመራ ቀጠሮ ያለው ሰው ፀረ አለርጂ ኪኒኑን ከሳምንት በፊት ያቁም፤ አለዚያ ውጤቱ ባዶ ሆኖ ይወጣል። ስፕሬዩ ፍሉቲካዞን ከሆነ መቀጠል ይቻላል።