አልነሳ ያለ አሮጌ ላፕቶፕ፦ ፋይሉን አስቀድሞ ማዳን

ለዓመታት ያገለገለ ላፕቶፕ አንድ ቀን የማስነሻ ቁልፉን ሲጫኑት ዝም ካለ፣ የአብዛኛው ሰው ሐሳብ ማሽኑን እንደምንም ማስነሳቱ ላይ ያርፋል። ይህ መመሪያ ግን ከፋይሎቹ ይነሳል። ላፕቶፑ በሌላ ሊተካ ይችላል፤ በውስጡ ያሉት የቤተሰብ ፎቶዎች፣ የመመረቂያ ጽሑፎችና የሂሳብ መዝገቦች ግን ሌላ ቅጂ ከሌላቸው የሚተካቸው የለም። ስለዚህ ማንኛውንም ነገር ከመሞከርዎ በፊት «ይህን ባደርግ ዲስኩ ላይ የሚጻፍ ወይም የሚሰረዝ ነገር ይኖራል?» ብለው ይጠይቁ። መልሱ «አዎ» ወይም «እርግጠኛ አይደለሁም» ከሆነ፣ ያ ሙከራ ፋይሎቹ ከተቀዱ በኋላ ይቆይ። እኔ እስካየሁት ድረስ ፋይል በብዛት የሚጠፋው በብልሽቱ ምክንያት አይደለም፤ ከብልሽቱ በኋላ በችኮላ ዊንዶውስ እንደ አዲስ ሲጫን ነው።

«አልነሳም አለ» የሚለው አነጋገር ቢያንስ ሦስት የተለያዩ ችግሮችን ይሸፍናል። አንደኛው መብራት የማይበራበት፣ ፋኑም የማይዞርበት ነው። ሁለተኛው መብራቱ በርቶ፣ ፋኑም እየዞረ፣ ስክሪኑ ጨለማ ሆኖ የሚቀርበት ነው። ሦስተኛው ደግሞ የአምራቹ አርማ ታይቶ ዊንዶውስ ሳይገባ የሚቀርበት ነው። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሁኔታዎች ዲስኩ ብዙውን ጊዜ ደኅና ስለሆነ ተስፋ ለመቁረጥ ምክንያት የለም።

ምንም የሕይወት ምልክት ከሌለ

ፍተሻው ከግድግዳው ሶኬት ይጀምራል፤ ሌላ ዕቃ ሰክተው መሥራቱን ያረጋግጡ። ቀጥሎ ቻርጀሩን ይመልከቱ። በላዩ ላይ በተለጠፈው ጽሑፍ የሚያወጣው ቮልት ተጽፏል፤ በአሮጌ ላፕቶፖች ዘንድ ብዙውን ጊዜ 19፣ 19.5 ወይም 20 ቮልት ነው። ቴስተር ካለዎት ጫፉን ለክተው ንባቡ ከተጻፈው ጋር መቀራረቡን ይዩ፤ በጣም ካነሰ ወይም ከፍ ዝቅ እያለ ካልረጋ ችግሩ ቻርጀሩ ነው። ከሌላ ሰው ቻርጀር ሲዋሱ ቮልቱ እኩል፣ አምፒሩ እኩል ወይም የሚበልጥ፣ የጫፉም ፖዘቲቭና ኔጋቲቭ አቀማመጥ ተመሳሳይ መሆን አለበት፤ ጫፉ ጃኩ ውስጥ ስለገባ ብቻ ይስማማል ማለት አይደለም። ጃኩ ራሱ ላልቶ ከሆነ፣ ኬብሉን ቀስ ብለው ሲያንቀሳቅሱት የቻርጅ መብራቱ ብልጭ ድርግም ይላል።

ቻርጀሩ ደኅና ከሆነ በማዘርቦርዱ (ክፍሎቹ ሁሉ በሚገናኙበት ዋና ሰሌዳ) ላይ የቀረውን ኤሌክትሪክ ማፍሰስ ይገባል። ቻርጀሩን ይንቀሉ፤ ባትሪው የሚወጣ ዓይነት ከሆነ ያውጡት፤ ከዚያ የማስነሻ ቁልፉን ለ30 ሰከንድ ያህል ሳይለቁ ተጭነው ይያዙ። ከዚህ በኋላ ባትሪውን ሳይመልሱ ቻርጀሩን ብቻ ሰክተው ይሞክሩ። ይህ ቀላል ዘዴ ዲስኩን ፈጽሞ ስለማይነካ ያለ ስጋት ሊሞከር ይችላል፤ ስንት «የሞተ» ላፕቶፕ በዚህ ብቻ እንደሚነሳ ያየ ሰው ማንኛውንም ፍተሻ ያለ እርሱ አይጀምርም። በዚህ መንገድ ከተነሳ ሳያጠፉት በቀጥታ ፋይሎቹን ወደ መቅዳት ይለፉ፤ ነገም እንደሚነሳ ዋስትና የለምና።

አንድ ማስጠንቀቂያ ግን ከሁሉም ይቀድማል። የመዳፊት ሰሌዳው (ታችፓዱ) ወደ ላይ ካበጠ፣ ወይም ላፕቶፑ ጠረጴዛ ላይ አልቀመጥ ብሎ የሚወዛወዝ ከሆነ፣ ባትሪው አብጧል ማለት ነው። እንዲህ ያለውን ባትሪ ቻርጅ አያድርጉ፣ አይጫኑት፣ በስለታም ነገርም አይንኩት፤ ሊቲየም ባትሪ ሲበሳ በድንገት ሊቀጣጠል ይችላል።

መብራቱ በርቶ ስክሪኑ ከጨለመ

አንድ የቅርብ ዘመዴ «ሞቷል» ብሎ ለወራት መደርደሪያ ላይ ያስቀመጠውን ላፕቶፕ ሳበራው ስክሪኑ ድፍን ጥቁር ነበር። ክፍሉን አጨልሜ የስልኬን መብራት ከጎን ሳስጠጋበት ግን የይለፍ ቃል የሚጠይቀው ሳጥን በእርሳስ እንደተጻፈ ያህል ደብዝዞ ታየኝ። ማሽኑ እየሠራ ነበር፤ የጠፋው ከስክሪኑ ጀርባ ያለው ብርሃን ብቻ ነው። በኤችዲኤምአይ ኬብል ከቴሌቪዥን ጋር አገናኝተነው በዚያው ምሽት ሁሉም ፋይል ተቀዳ። ስለዚህ ምንም ብሎን ከመፍታትዎ በፊት በመብራት ይመልከቱ፣ ከውጭ ስክሪን ጋርም ያገናኙት።

የውጭው ስክሪንም ባዶ ከሆነ ቀጣዩ ተጠርጣሪ ራም (ማሽኑ ሲሠራ ብቻ መረጃ የሚይዘው ጊዜያዊ ማኅደረ ትውስታ) ነው። ቻርጀሩን ነቅለው፣ ባትሪውን ለይተው፣ እጅዎን ቀለም ያልተቀባ ብረት አስነክተው የጀርባውን ክዳን ይክፈቱ። የራሙን ግራና ቀኝ መያዣዎች ወደ ውጭ ሲገፏቸው ራሙ ራሱ ዘንበል ብሎ ይነሳል። ወርቃማ ጥርሶቹን በንጹሕ ላጲስ በቀስታ ጠርገው፣ ፍርፋሪውን አራግፈው፣ «ቀጭ» ብሎ እስኪገባ ይመልሱት። ሁለት ራም ካለ አንድ በአንድ ይሞክሩ። ማሽኑ ሲበራ የሚያሰማው ድምፅ ወይም የመብራቱ ብልጭታ ቁጥር የተበላሸውን ክፍል የሚጠቁም ሲሆን፣ ትርጉሙ ከአምራች አምራች ስለሚለያይ በዚያው ሞዴል መመሪያ ላይ መፈለግ አለበት።

ሰዓቱንና የባዮሱን (ዊንዶውስ ከመግባቱ በፊት ማሽኑን የሚያስነሳውን ፕሮግራም) ቅንብር የምትይዘው ክብ ባትሪም አትዘንጋ። በአሮጌ ማሽኖች ላይ ብዙውን ጊዜ ሲአር2032 የምትባለው የ3 ቮልት ባትሪ ናት። እርሷ ስታልቅ ቀኑ ወደ ኋላ ይመለሳል፤ ከቀኑም ጋር የዲስኩ አሠራር ቅንብር ሊቀየር ይችላል። «ማስነሻ ዲስክ አልተገኘም» የሚል መልእክት የመጣው ከዚህ በኋላ ከሆነ፣ ዲስኩ ተበላሽቷል ብለው ከመደምደምዎ በፊት በባዮስ ውስጥ የሳታ (ዲስኩ ከማዘርቦርዱ ጋር የሚገናኝበት መስመር) አሠራር ኤኤችሲአይና ሬይድ ከሚባሉት ምርጫዎች ከአንዱ ወደ ሌላው ተለውጦ እንደሆነ ይመልከቱ።

ዊንዶውስ ካልገባ

በመጀመሪያ የተሰካውን ፍላሽና ሚሞሪ ካርድ ሁሉ ይንቀሉ፤ ማሽኑ ከእነርሱ ለመነሳት እየሞከረ ሊሆን ይችላል። ከዚያ እንደ አምራቹ ኤፍ2፣ ኤፍ10 ወይም ዲሊት ቁልፍን እየነካኩ ባዮስ ውስጥ ይግቡና የዲስኩ ስም መኖሩን ይመልከቱ። ስሙ ካለ ማሽኑ ዲስኩን አውቆታል፤ ይህ ጥሩ ምልክት ነው። ስሙ ከሌለ ዲስኩ ከቦታው ላልቶ ወይም ተበላሽቶ ሊሆን ይችላል።

ዲስኩ ኤስኤስዲ (የሚሽከረከር ክፍል የሌለው ማከማቻ) ካልሆነ ጆሮዎን አስጠግተው ያዳምጡት። ጤነኛ ሃርድ ዲስክ ለስላሳና ያልተቋረጠ የመሽከርከር ድምፅ አለው። በእኩል ልዩነት «ጠቅ፣ ጠቅ፣ ጠቅ» የሚል ከሆነ ወዲያውኑ ያጥፉት፤ እያንዳንዱ ተጨማሪ ደቂቃ ጉዳቱን ያሰፋል። መረጃውን የሚያነበው ጭንቅላት ከሚሽከረከረው ሳህን በላይ የሚንሳፈፈው ከሰው ፀጉር ውፍረት በሺዎች እጥፍ በሚያንስ ክፍተት በመሆኑ፣ ዲስኩን ቤት ውስጥ መክፈት አቧራ አስገብቶ ፋይሉን ለዘለዓለም ማጥፋት ነው። ፍሪዘር ውስጥ ማስቀመጥም ከድሮ የቀረ ጎጂ ምክር ሲሆን፣ ሲወጣ ሳህኑ ላይ ጤዛ ያስይዛል። እንዲህ ጠቅ የሚል ዲስክና ውሃ የገባበት ዲስክ፣ የያዙት ነገር ዋጋ ካለው፣ በቀጥታ ንጹሕ ክፍል ወዳለው የፋይል ማዳን ባለሙያ መሄድ አለባቸው።

እንዲህ ያለ ድምፅ ከሌለ ሁለት መንገዶች አሉ። የመጀመሪያው ማሽኑን ከፍላሽ ማስነሳት ነው። በሌላ ኮምፒውተር ላይ እንደ ኡቡንቱ ያለ ሊኑክስ (በዊንዶውስ ምትክ የሚሠራ ነጻ ሥርዓተ ክወና) አውርደው፣ ሩፉስ በሚባለው ፕሮግራም ቢያንስ 8 ጊጋባይት በሆነ ፍላሽ ላይ ይጫኑት፤ ፍላሹ ላይ የነበረው ሁሉ እንደሚጠፋ ይወቁ። ላፕቶፑን ኤፍ12፣ ኤፍ9 ወይም ኢስኬፕ እየነካኩ ያስነሱና ፍላሹን ይምረጡ። ኡቡንቱ ሲጀምር ሁለት ምርጫ ያቀርባል፤ ሳይጭኑ ለመሞከር የሚያስችለውን ይውሰዱ፤ ለመጫን የሚለውን በስሕተት ከመረጡ ዲስኩ ሊጠፋ ይችላል። ዊንዶውስ በትክክል ሳይዘጋ ቀርቶ ከሆነ ሊኑክስ ዲስኩን ለንባብ ብቻ ሊከፍተው ይችላል። ይህ እንቅፋት አይደለም፤ የምንፈልገውም ማንበብን ብቻ ነው።

ሁለተኛው መንገድ ዲስኩን አውጥቶ ከሌላ ኮምፒውተር ጋር ማገናኘት ነው። ብሎኖቹን ሲፈቱ የላፕቶፑን ጀርባ በወረቀት ላይ ሥለው እያንዳንዷን ብሎን በወጣችበት ቦታ ላይ በፕላስተር ይለጥፉ፤ ረዥም ብሎን በአጭሩ ቦታ ቢገባ ማዘርቦርዱን ሊበሳ ይችላል። 2.5 ኢንች የሆነው የላፕቶፕ ሳታ ዲስክ 5 ቮልት ብቻ ስለሚፈልግ ከዩኤስቢ ወደ ሳታ በሚቀይር ተራ ኬብል ይሠራል። በጣም የቆዩት የአይዲኢ ዲስኮች ግን 44 ቀጫጭን መርፌዎች ስላሏቸው ሌላ ዓይነት መቀየሪያ ይፈልጋሉ። ማስቲካ የምትመስለው ኤም.2 ኤስኤስዲም ሳታ ወይም ኤንቪኤምኢ የተባለው ሌላ የግንኙነት ዓይነት ልትሆን ስለምትችል መቀየሪያ ከመግዛትዎ በፊት ጽሑፏን ያንብቡ። ማከማቻው ማዘርቦርዱ ላይ የተበየደ ከሆነ የሚቀረው የመጀመሪያው መንገድ ብቻ ነው።

ዲስኩ ሲሰካ ዊንዶውስ «ፎርማት ይደረግ?» ብሎ ከጠየቀ ፈጽሞ አይስማሙ። የተጠቃሚውን ፎልደር ለመክፈት ፈቃድ የለዎትም ካለና ቀጥል የሚለውን ከተጫኑ፣ በዲስኩ ላይ የፈቃድ ለውጥ ይጽፋል፤ ስለዚህ ዲስኩ የደከመ ከመሰለዎት በሊኑክስ መቅዳት ይሻላል። የቢትሎከር (ዲስኩን የሚመሰጥረው የዊንዶውስ አሠራር) 48 አኃዝ ያለው ቁልፍ ከተጠየቁ ደግሞ በላፕቶፑ ላይ ይጠቀሙበት በነበረው የማይክሮሶፍት አካውንት ውስጥ ይፈልጉት፤ ያለ እርሱ የተመሰጠረውን ዲስክ የሚከፍት ፕሮግራም የለም።

ሲቀዱ ማጣታቸው ከሁሉ የሚያሳስብዎትን ፋይሎች ያስቀድሙ፤ ፊልምና ሙዚቃ ይቆዩ። መድረሻው ሁልጊዜ ሌላ ዲስክ ይሁን፤ ቆርጦ ከመለጠፍም ይቆጠቡ። ዴስክቶፕና ዳውንሎድ ፎልደሮች ብዙ ጊዜ ይረሳሉ፤ አስፈላጊው ሰነድ የሚገኘው ግን እዚያው ነው። ቅጂው በየመሃሉ የሚቆም ከሆነ ፋይል በፋይል ማስቸገሩን ትተው ዲዲሬስኪው በተባለው የሊኑክስ ፕሮግራም የዲስኩን ሙሉ ምስል ይውሰዱ። ፕሮግራሙ መጀመሪያ በቀላሉ የሚነበበውን ሁሉ ያወጣል፤ ወደ ተጎዳው ቦታ የሚመለሰው ከዚያ በኋላ ነው፤ የደረሰበትንም ስለሚመዘግብ ቢቋረጥ ካቆመበት ይቀጥላል። ምንጩና መድረሻው ከተቀያየሩ ግን መዳን የነበረበት ዲስክ በባዶው ይጻፍበታል፤ ስለዚህ ትእዛዙን ከማስጀመርዎ በፊት የሁለቱን ስምና መጠን ሁለት ጊዜ ያንብቡ።

የተሰረዙ ፋይሎችን ከሃርድ ዲስክ ላይ ፎቶሬክ በተባለው ፕሮግራም መፈለግ ይቻላል፤ ፋይሎቹን የሚለየው በይዘታቸው በመሆኑ ግን የቀድሞ ስማቸው አይመለስም። ኤስኤስዲ ላይ ትሪም የሚባለው አሠራር የተሰረዘውን ቦታ ስለሚያጸዳ ተስፋው በጣም የመነመነ ነው።

ቅጂው ሲያልቅ የፋይሎቹን ስም አይቶ መርካት አይገባም። ጥቂት ፎቶዎችን በሙሉ መጠናቸው ይክፈቱ፣ አንድ ቪዲዮ ከመሃሉ ያጫውቱ፣ ረዥሙን ሰነድ እስከ መጨረሻው ገጽ ያውርዱት። ከዚያም ሁለተኛ ቅጂ በሌላ ዲስክ ላይ ያስቀምጡ። ቼክዲስክን (ዲስክ የሚፈትሸውንና የሚያርመውን የዊንዶውስ ፕሮግራም) ማስኬድ፣ የዊንዶውስን የራሱን ጥገና መሞከር ወይም እንደ አዲስ መጫን የሚፈቀደው ከዚህ በኋላ ብቻ ነው፤ ዲስኩ የደከመ ከነበረም በአዲስ ኤስኤስዲ ይተኩትና አሮጌውን ቀኑን ጽፈውበት፣ ሳይነኩት ለጥቂት ወራት ያቆዩት፤ የተረሳ ፎልደር ትዝ የሚልዎት ብዙውን ጊዜ ዘግይቶ ነው።