«ሃይራክስ» የሚለውን የእንግሊዝኛ ቃል ስንጠቀም ልናስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

ሃይራክስ በእንግሊዝኛ አዘውትሮ የሚነሣ ቃል አይደለም፤ ከቋንቋው ተናጋሪዎች መካከልም እንስሳውን አይተው የማያውቁ ብዙዎች ናቸው። አማርኛ ተናጋሪ ግን እንስሳውን ሽኮኮ ብሎ ስለሚያውቀው ትርጉሙ ሊያስቸግረው አይገባም ነበር። የሚያስቸግረው ይኸው «ሽኮኮ» የሚለው ስም ዛሬ ለሁለት የማይዛመዱ እንስሳት መዋሉ ነው።

ከሁሉ የሚብሰው ስህተት ሽኮኮን ሁልጊዜ ስኩዊረል፣ ስኩዊረልንም ሁልጊዜ ሽኮኮ ብሎ መተርጎም ነው። ስኩዊረል ጸጉራም ረጅም ጭራ ያለው፣ ፍሬ እየፈለፈለ የሚበላና ከአይጥ ወገን የሚቆጠር እንስሳ ነው። የዓለት ሽኮኮ ግን ከሁለት እስከ አምስት ኪሎ ግራም የሚመዝን፣ ጆሮው አጭርና ክብ፣ አካሉ ድፍን ያለ፣ ጭራውም የለም ሊባል የሚችል ሣርና ቅጠል በል ነው። «ሽኮኮው ጭራውን እያወዛወዘ ከቅርንጫፍ ወደ ቅርንጫፍ ዘለለ» የሚል ትርጉም ሲቀርብለት፣ በገደል አፋፍ ፀሐይ የሚሞቀውን እንስሳ የሚያውቅ አንባቢ የትኛው ጭራ እንደሆነ ግራ ይገባዋል። በተቃራኒው «ስኩዊረሎች በቋጥኝ ስንጥቅ ውስጥ ይኖራሉ» ብሎ በእንግሊዝኛ የጻፈ ሰው አንባቢውን ወደ ሌላ እንስሳ ይመራዋል። አንዳንዶች ልዩነቱን ለማሳየት ስኩዊረልን «የዛፍ ሽኮኮ» ይሉታል፤ ይህም አያዋጣም፤ ምክንያቱም በእንግሊዝኛ ትሪ ሃይራክስ የሚባል፣ ሌሊት ሌሊት የሚንቀሳቀስና ጩኸቱ ከሩቅ የሚሰማ እውነተኛ የዛፍ ሽኮኮ አለ። እኔ የምመርጠው ስኩዊረልን እንዳለ ጽፎ፣ መጀመሪያ በተጠቀሰበት ቦታ ምን ዓይነት እንስሳ እንደሆነ በአጭሩ መግለጥ ነው።

ሁለተኛው ስህተት የሚፈጠረው በአሮጌ መጻሕፍት ላይ ነው። በ1611 እ.ኤ.አ. የወጣው የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ቅዱስ በዘሌዋውያን 11፥5 ላይ ኮኒ የሚል ቃል አለው። ኮኒ በዘመኑ የተለመደ የጥንቸል ስም ነበር፤ ራቢት የሚለው ቃል ደግሞ ቀድሞ የሚነገረው ለግልገሏ ብቻ ነበር። ተርጓሚዎቹ ሻፋን ለሚለው የዕብራይስጥ ስም በአገራቸው ተመሳሳይ እንስሳ ስላላገኙ በሚያውቁት ስም ጠሩት። ስለዚህ ኮኒን በዚህ ስፍራ ጥንቸል ብሎ የሚተረጉም ሰው፣ በሚቀጥለው ቁጥር ከሚመጣው ሌላ ጥንቸል ጋር ይጋጭበታል። በአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ ግን መጀመሪያ ሽኮኮ፣ ቀጥሎም ጥንቸል ተለይተው ተቀምጠዋል። ነገር ግን ስለ ልብስ ወይም ስለ ቆዳ ንግድ በሚናገር ጽሑፍ ውስጥ የኮኒ ጸጉር ቢጠቀስ የጥንቸል ነው እንጂ የሽኮኮ አይደለም።

ከዚሁ ጥቅስ የሚነሣ ሌላ ስህተትም አለ። ሽኮኮ ያመሰኳል ስለተባለ ሃይራክስን ሩሚናንት (የሚያመሰኳ እንስሳ) ብሎ መጻፍ በሥነ እንስሳት ዘንድ ተቀባይነት የለውም፤ መንጋጋውን እንደሚያላምጥ ማመላለሱ ከላምና ከበግ ወገን አያስቆጥረውም።

ከአይጥ ወገን አድርጎ መጻፍም እንዲሁ ስህተት ነው። እግሩን ቀረብ ብሎ ላየው የፊተኛው አራት፣ የኋለኛው ሦስት ጣቶች አሉት፤ ጥፍሮቹ ጠፍጣፋና ትንንሽ ሰኮና የሚመስሉ ሲሆኑ፣ በኋላ እግሩ የውስጠኛ ጣት ላይ ብቻ ጸጉሩን የሚያበጥርበት ረጅም ቆልማማ ጥፍር ይገኛል። መርገጫው እንደ ጎማ ለስላሳ ሆኖ በላብ ስለሚረጥብ ቁልቁል ዓለት ላይ አያንሸራትተውም። ያለማቋረጥ የሚያድጉት የላይኛው የፊት ጥርሶቹም ጥርስነታቸው እንደ ዝሆን ጥርስ ነው፤ በሕይወት ካሉት እንስሳት መካከል የቅርብ ዘመዶቹ ዝሆንና በውኃ ውስጥ የሚኖረው ማናቲ ናቸው።

የቃሉን አመጣጥ ተከትሎ ትርጉሙን መገመትም ያሳስታል፤ የግሪክኛው ሃይራክስ የሚያመለክተው አፍንጫ ሹል፣ አይጥ መሰል ትንሽ እንስሳ ነበርና። በንባብ ረገድ ሁለተኛው ፊደል ዋይ ስለሆነ «ሂራክስ» ማለት አይገባም፤ ጎላ ብሎ የሚነገረውም የመጀመሪያው ክፍል ነው። ኤች በግልጽ ስለሚሰማ ከፊቱ የሚገባው ኤ እንጂ አን አይደለም። ለብዙ ቁጥር ሃይራክሲዝ ይበቃል፤ ሃይራሲዝ የሚለው በአሮጌ የሳይንስ ጽሑፎች ይገኛል።

በመጨረሻ፣ ሃይራክስ የአንድ ዝርያ ስም ብቻ አይደለም። ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ በ1790 እ.ኤ.አ. ባሳተመው የጉዞ መጽሐፉ እንስሳውን አሽኮኮ ብሎ በአማርኛ ስሙ ለእንግሊዝኛ አንባቢዎች አስተዋውቆ ነበር፤ ቡሽ ሃይራክስ የሚባለው ዝርያም በሳይንሳዊ ስሙ የእርሱን ስም ይዟል። ይህ ዝርያ ከሮክ ሃይራክስ (ከዓለት ሽኮኮ) ጋር በአንድ ቋጥኝ ላይ አብሮ ሊኖር ስለሚችል፣ በዓለት ላይ መታየቱ ብቻ ሮክ ሃይራክስ ብሎ ለመጻፍ አይበቃም፤ ቡሽ ሃይራክስን የሚለዩትን፣ ከዓይኑ በላይ ያለውን ነጣ ያለ ምልክትና ነጭ ሆዱን ማየት ያስፈልጋል።