ጣና ዳር ወፍ ሲያነሱ ቢርቋቸው የሚሻሉ ስህተቶች

ባሕር ዳር ወፍ ፍለጋ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ሐይቁ ዳር ካለ መናፈሻ ቁጭ ብለው ማኪያቶ ቢያዝዙ ፍርፋሪ ፈልጎ ራሱ ጠረጴዛው ድረስ ይመጣል። ታዲያ ወፍ እንዲህ በሞላበት ከተማ የሚነሳው ፎቶ ለምን አብዛኛው ብዥ ያለ ቡናማ ነጥብ ይሆናል? ሰው ጥፋቱን ካሜራው ላይ ይጥላል። እኔ ግን ጥፋቱ ብዙውን ጊዜ የእግራችን ነው ባይ ነኝ። የማወራው ስለ ፔሊካንና ንስር አይደለም፤ እነሱ ለማንም ቆመው ይነሳሉ። ነገሬ ስለ ትንንሾቹ ዘማሪ ወፎች ነው።

ወፉን ማሳደድ

ዋናው ስህተት ይሄ ነው። ወፉ ከዛፍ ዛፍ ሲዘል ሰውየውም ካሜራውን አንጠልጥሎ ይከተላል። ውጤቱ የታወቀ ነው፤ የጭራ ፎቶ።

ትንሽ ወፍ ልማድ አለው። የሚዘፍንበት ቅርንጫፍ፣ ውሃ የሚጠጣበት ጥግ፣ የሚመላለስበት አበባ ብዙም አይቀያየርም። ጎጆ ሠሪውን ቢጫ ወፍ ይመልከቱት። ወንዱ የዘንባባ ቅጠል በመንቆሩ ሰንጥቆ ክር ያወጣል፣ ወደ ጎጆው ይበራል፣ ይሸምናል፣ ተመልሶ ይመጣል። ጎጆው ሲያልቅ ከሥሩ ተንጠልጥሎ ክንፉን እያርገበገበ ሴቷን ይጠራል። እሷ ገብታ ትመረምራለች። ሳይወደድለት የቀረውን ጎጆ ራሱ አፍርሶ እንደገና ይጀምራል። ይህን ሁሉ የሚያደርገው አንድ አካባቢ እየተመላለሰ ነው። እርስዎ ከዘንባባው አጠገብ ጥላ ይዘው ከተቀመጡ ሥራው ወደ እርስዎ ይመጣል።

ስለዚህ መጀመሪያ ካሜራውን ሳያወጡ ሩብ ሰዓት ያህል ይመልከቱ። ከየት ተነስቶ የት ያርፋል? ከዚያ ዛፍ ተደግፈው አርፈው ይቀመጡ። ልብስም ነገር አለው። ጠዋት ብርድ ነው ብለው ነጭ ጋቢ ተከናንበው ዘጌ ጫካ ከገቡ እርስዎ ወፉን ከማየትዎ በፊት እሱ አይቶዎት ጨርሷል።

አርፍዶ መነሳት

ወፍ ጎህ ሲቀድ ይጀምራል። ጥሩው ብርሃን ከ12 ሰዓት ተኩል እስከ 2 ሰዓት ተኩል ገደማ ነው። ከ4 ሰዓት በኋላ ፀሐይዋ አናት ላይ ትወጣለች፤ የወፉ ጀርባ ይነጣል፣ ሆዱና ዓይኑ ይጠቁራል። ከሰዓት ከ10 ሰዓት በኋላ እንደገና ይሻሻላል።

አንድ ነገር ደግሞ እዚህ ከተማ ላይ ዕድለኞች ነን። ባሕር ዳር በሐይቁ ደቡብ ጫፍ ናት። በበጋ ወራት ፀሐይ ወደ ደቡብ ስለምታጋድል፣ ከተማው ዳር ቆመው ፊትዎን ወደ ውሃው ሲያዞሩ ብርሃኑ ከጀርባዎ ይመጣል። ጀልባ ላይ ሆነው ወደ ከተማው ካነሱ ግን ተቃራኒው ነው፤ ጥቁር ጥላ ይዘው ይመለሳሉ።

ወሩን አለማወቅ

ሐይቁ ዳር ሣርና የፎገራ ሜዳ ላይ በክረምት ማብቂያ የሚታየውን እሳት የመሰለ ቀይና ጥቁር ወፍ በጥር ፈልገው ያጡታል። የትም አልሄደም። ላባውን ቀይሮ ድንቢጥ መስሎ አጠገብዎ ቆሟል። ቀለም ከፈለጉ ከነሐሴ እስከ ጥቅምት ይውጡ፤ ያኔ ጭቃው ቢያስቸግርም መስከረም ላይ አደይ አበባ ጀርባ ሆና ታግዝዎታለች። ከኅዳር እስከ የካቲት ደግሞ ከአውሮፓ ብርድ ሸሽተው የመጡት እንግዶች አሉ። ጭራቸውን ከፍ ዝቅ እያደረጉ ውሃ ዳር የሚራመዱት ቀጫጭኖች ብዙዎቹ ከእነሱ ወገን ናቸው።

ቀርፋፋ ሹተር

ትንሽ ወፍ ቅርንጫፍ ላይ ቆሞም አይረጋም። የሹተሩን ፍጥነት (ካሜራው ብርሃን የሚያስገባበትን ጊዜ) ከ1/500 ሰከንድ አያዘግዩ፤ ሲበር ለመያዝ 1/2000 ያስፈልጋል። ዘጌ ቡናው ጥላ ሥር ጨለም ይላል። እዚያ ጭራው ከአካሉ የሚረዝመውን ቀይ ቡናማ ወፍ ሲያገኙ አይኤስኦውን (ካሜራው ለብርሃን ያለውን ስሜት) ወደ 3200 ለማድረስ አይፍሩ። ነጠብጣብ የበዛበት ፎቶ ይስተካከላል፤ የተንቀጠቀጠ ግን መላ የለውም። ፎከሱ ዓይኑ ላይ ይሁን።

ጀልባ ላይ ትራይፖድ (ባለ ሦስት እግር የካሜራ መቆሚያ) መትከል ደግሞ ለምን እንደተለመደ አይገባኝም። የሞተሩን ንዝረት በሙሉ ወደ ካሜራው ያደርሰዋል። በእጅ ይያዙ፤ ባለጀልባውንም «ወንድሜ፣ ወፉ ጋ ሳንደርስ ከሩቁ ሞተሩን አጥፋልኝ» ይበሉት።

ከታች ወደ ሰማይ ማንሳት

የሆድ ፎቶ ነው የሚሆነው። ሰማዩ ነጭ ከሆነ ወፉ ይጠቁራል። ሌላ አማራጭ ከሌለ ብርሃኑን በአንድ ደረጃ ከፍ ያድርጉ። ካለ ግን ዳገት ወይም ፎቅ በረንዳ ፈልገው ከወፉ ጋር ዓይን ለዓይን ይተያዩ።

በስልክ መጥራትና ጎጆ መግለጥ

የወፍ ድምፅ በስልክ ከፍቶ መጥራት አሁን አሁን ፋሽን ሆኗል። ወንዱ የሚመጣው ፎቶ ለመነሳት አይደለም፤ ባላንጣ ርስቴን ሊነጥቀኝ መጣ ብሎ ነው። ምግቡን ትቶ፣ ጎጆውን ትቶ ይከራከራል። ደጋግመው ሲያደርጉት ጉልበቱን ጨረሱት ማለት ነው።

ጎጆ የሸፈነ ቅጠል መቁረጥ ከዚህም ይብሳል። ጫጩቶቹ ለፀሐይ ይጋለጣሉ፣ ለቁራና ለጦጣም መንገድ ይከፈታል።  እናትየዋ ምግብ በአፏ ይዛ ሳትገባ ከቆየች፣ በጣም ቀርበዋልና ወደ ኋላ ይመለሱ።

ሰውን መርሳት

ሐይቁ ዳር ሰው ገላውን ይታጠባል፣ ልብስ ያጥባል። ረጅም ሌንስ ወደዚያ ሲዞር ወፍ እያነሱ መሆንዎን ማንም አያውቅም። ቀድመው ሰላም ይበሉ፣ ያነሱትን ያሳዩ። የአካባቢው ልጆች ከተወዳጁዎት ጎጆ የት እንዳለ ከእነሱ የተሻለ የሚያውቅ የለም። ጫካው ተርፎ ወፍ ያኖረው በገዳማቱ ጥበቃ ነውና እዚያ ሲገቡ አባቶችን ያስፈቅዱ። ደሴት ላይ ወዳለው ክብራን ገብርኤል ገዳም ሴቶች እንደማይገቡም ከመሳፈር በፊት ይታወቅ።

ውሃ ውስጥ መቆም

ለጥሩ ማዕዘን ብለው ሱሪ ሰብስበው አይግቡ። ጣና ውስጥ ቢልሃርዚያ አለ። አባይ ከሐይቁ በሚወጣበት አካባቢ ደግሞ ጉማሬ አለ፤ ጎህ ሲቀድ ከግጦሽ ወደ ውሃው ይመለሳል። እርስዎም ደንገሉ ውስጥ አድፍጠው የሚጠብቁት ልክ በዚያ ሰዓት ነው። የታንኳ ቀዛፊዎቹ የት እንደሚውል ያውቃሉ፤ ማታውኑ ጠይቀው ይደሩ።