የዌብ ፎርም መረጃን በጃቫስክሪፕት ሰብስቦ መላክ

ሐዋሳ ሐይቅ ዳር ላለ አንድ ማረፊያ የክፍል ማስያዣ ፎርም እንሥራ እንበል። ስም፣ ስልክ፣ የመግቢያ ቀንና የክፍል ዓይነት ይበቃሉ። ሳጥን ሲበዛ በስልኩ የሚሞላ ሰው መሃል ላይ ትቶት ይሄዳል።

እያንዳንዱ ሳጥን በኤችቲኤምኤሉ ውስጥ «ኔም» የሚባል መጠሪያ ይኑረው። «አይዲ» ብቻ ያለው ሳጥን ገጹ ላይ ይታያል፣ ሰውም ይሞላዋል፤ ሲላክ ግን የለም። የፎርሙን መረጃ የሚሰበስበው የጃቫስክሪፕት መሣሪያ፣ ፎርምዳታ፣ የሚለቅመው በኔም ነውና፤ የስህተት መልእክትም አያሳይም።

ለስልክ ቁጥር የሳጥኑ ዓይነት (ታይፑ) «ቴል» ይሁን። «ነምበር» ከሆነ በ+251 የጀመረውን እንደ ባዶ ይቆጥረዋል፤ 09 ወይም 07 ብሎ የጀመረውም ወደ ቁጥር ሲለወጥ ዜሮው ይወድቃል።

ቀኑ የባሰ ነው። «ዴት» ሳጥን የሚልከው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው። መስቀልን አስቦ 9ኛውን ወር 17ን የነካ እንግዳ በአብዛኛው ዓመት አሥር ቀን ቀድሞ ያስይዛል። ከሳጥኑ ሥር የኢትዮጵያውን ቀን አሳዩት፤ ቀን የሚጽፈው የጃቫስክሪፕት መሣሪያ፣ ኢንትል ዴትታይምፎርማት፣ ካላንደሩ «ኢትዮፒክ» ከተባለ ራሱ ይለውጠዋል።

የሚልከውን ኮድ ከመላኪያው ቁልፍ ክሊክ ጋር ሳይሆን ከፎርሙ «ሰብሚት» (መላክ) ጋር እሰሩት። ክሊክ ግዴታ የሆነ ሳጥን ባዶ ሳለም ይሠራል። መጀመሪያው መስመር ላይ ብሮውዘሩን ከተለመደው አላላክ የሚያግደው ፕሪቨንትዲፎልት ይጠራ፤ አለዚያ ገጹ እንደገና ይከፈታል።

አሁን ቅደም ተከተሉን ልብ በሉ፦ መጀመሪያ ፎርምዳታውን ያዙ፣ ከዚያ ሳጥኖቹን ቆልፉ፣ ከዚያ መረጃ ወደ ሰርቨር በሚልከው ትእዛዝ፣ በፌች፣ ላኩ። ቀድሞ ከተቆለፈ ባዶ መረጃ ይሄዳል፤ «ዲሴብልድ» የሆነ ሳጥን አይሰበሰብምና። ጨርሶ አለመቆለፍም አይሆንም፦ ኔትወርክ ሲንቀራፈፍ ሰው ቁልፉን ሦስቴ ይጫናል፤ ሦስት ክፍል ይያዛል።

ፎርምዳታን እንዳለ ስትልኩ ኮንቴንት ታይፕን (የሚላከው መረጃ ምን ዓይነት እንደሆነ የሚነግረውን መስመር) በእጅ አትጻፉ። ብሮውዘሩ ክፍሎቹን የሚለይበትን ምልክት የሚያስገባው እዚያው ላይ ነው፤ እናንተ ከጻፋችሁት ምልክቱ ይጠፋል፣ ሰርቨሩም ማንበብ ያቅተዋል። ጄሰን (መረጃን በጽሑፍ መልክ የመላኪያ ቅርጽ) ከመረጣችሁ ግን ጻፉት። ለጄሰን ፎርምዳታውን ወደ ኦብጀክት የሚለውጠው ኦብጀክት ፍሮምኤንትሪስ በአንድ ኔም ከመጡ ብዙ ምርጫዎች የመጨረሻውን ብቻ እንደሚያስቀርም አትርሱ፤ ሁሉንም የሚያመጣው ጌትኦል ነው።

ብዙዎች የሚሳሳቱት መልሱ ላይ ነው። ሰርቨሩ 404 ወይም 500 የሚል የስህተት ቁጥር ቢመልስም ለፌች ደብዳቤው ደርሷል፤ ካች (ስህተት የሚያዝበት የኮዱ ክፍል) ውስጥ የሚገባው ግንኙነቱ ሲቋረጥ ነው። ስለዚህ «ተመዝግቧል» ከማለታችሁ በፊት መሳካቱን የሚነግረውን የመልሱን «ኦኬ» መርምሩ፤ አለዚያ እንግዳው ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ሲደርስ ክፍል የለውም።

ፌች የጊዜ ገደቡን እናንተ እንድትወስኑለትም ይጠብቃል፦ አቦርትሲግናል ታይምአውት 15000 ስጡት፤ 15 ሰከንድ ማለት ነው። ጊዜው ቢያልፍም ጥያቄው ሰርቨሩ ጋ ደርሶ ሊሆን ስለሚችል፣ ፎርሙ ሲከፈት በክሪፕቶ ራንደምዩዩአይዲ አንድ መለያ አውጥታችሁ አብራችሁ ላኩ። እንግዳው ደግሞ ሲሞክር ሰርቨሩ ያንኑ መለያ አይቶ ሁለተኛውን ይተወዋል። ራንደምዩዩአይዲ ኤችቲቲፒኤስ ወይም ሎካልሆስት (የራሳችሁ ኮምፒውተር) ላይ ብቻ ይሠራል።

ሳይሳካ ሲቀር ሳጥኖቹን ክፈቱ፤ የተሞላውን ግን አታጥፉ። ሰርቨሩም ሁሉንም ዳግም ይፈትሽ፤ ጃቫስክሪፕትን ማለፍ ቀላል ነው። በመጨረሻ የብሮውዘሩን ኔትወርክ ታብ ከፍታችሁ አንዴ በቀርፋፋ፣ አንዴ በኦፍላይን ሞክሩት።