የተናደ የወንዝ ዳር እንዴት ይያዛል? ቦርከና ላይ ለሚያጠምዱ

ነጭ ዓሣ በክረምት እንቁላሉን የሚጥለው ውሃው ፈጠን ብሎ በሚያልፍበት ጠጠር መሃል ነው። ዳሩ ተንዶ ጭቃው ጠጠሩን ከደፈነው እንቁላሉ አየር አጥቶ ይሞታል። ስለዚህ ቦርከና ላይ ዓሣ አነሰ የሚል አጥማጅ የዓሣ ጫጩት ልልቀቅ ከማለቱ በፊት ዳሩን በድንጋይ፣ አኻያ በሚባለው የወንዝ ዳር ዛፍ ቅርንጫፍና በቬቲቨር ሳር ያስይዝ። ትራውት ቢመጣልን የሚሉም አይጠፉም። ትራውት እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ1960ዎቹ ከኬንያ መጥቶ ባሌ ተራሮች ወንዝ ውስጥ የተለቀቀ የቀዝቃዛ ውሃ ዓሣ ነው፤ እዚያው ይኑር። የዚህ ወንዝ ልጅ ነጭ ዓሣ ነው።

መጀመሪያ ቦታውን ፈትኑ። ቦቲ ጫማ ሳታደርጉ አትግቡ፤ በተለይ ከኮምቦልቻ ወደ ታች ባለው ቆላማ ውሃ ብልሃርዚያ አለ። አንዱ ጠጠሩን በእግሩ ያናውጥ፣ ሌላው አንድ ሜትር ዝቅ ብሎ የአሮጌ አጎበር ቁራጭ ይዘርጋ። አጎበሩ ላይ ጠፍጣፋ፣ ሦስት ጭራ ያላቸው ተንቀሳቃሽ ነፍሳት ከተገኙ ውሃው ደህና ነው። ቀያይ ትል ብቻ ከሆነ ችግሩ ፍሳሽ ነውና እዚያ ላይ አኻያ መትከል ድካም ብቻ ነው። ከፍሳሹ በላይ ያለ ቦታ ፈልጉ፤ ፍሳሹን ለወረዳው አመልክቱ።

ለመጀመሪያ ዓመት 20 ሜትር ይበቃል። ከቀበሌውና ከባለመሬቱ ጋር ተስማሙ፣ እረኞቹንም አትርሱ።

ሥራው የሚጀመረው መጋቢት ላይ ነው። ችግኝ የክረምት ነው የሚል ልማድ እዚህ አይሠራም፤ ሐምሌ ላይ የተተከለ እንጨት ሥር ሳይሰድ ጎርፍ ይነቅለዋል። በበልግ የተተከለው ግን ሦስት አራት ወር ያገኛል። በልጉ ቢቀርም የታችኛው ረድፍ ከውሃው እርጥበት ይጠጣል።

ዳሩ እንደ ግድግዳ ከቆመ ለአንድ ሜትር ከፍታ ሁለት ሜትር ወደ ኋላ እየሳባችሁ አጋድሙት። የወጣውን አፈር በጆንያ ወደ ላይ አውጡ፤ ወደ ወንዙ ከገፋችሁት የዓሣውን አልጋ የደፈናችሁት እናንተው ናችሁ። ከዳሩ ግርጌ ድንጋይ ደርድሩ፣ ሲሶውን ቅበሩት። ድንጋዩን ከወንዙ ውስጥ አታንሱ፤ ከማሳ የተለቀመ ይሻላል። የድርድሩን ሁለት ጫፍ አንድ ሜትር ያህል ወደ ዳሩ ቆፍራችሁ አስገቡ። አብዛኛው ሥራ የሚፈርሰው እዚህ ላይ ነው፤ ጎርፉ በላይኛው ጫፍ በኩል ከኋላ ገብቶ ሁሉንም ይዞ ይሄዳል።

አኻያውን አውራ ጣት ከሚያህል ቅርንጫፍ በ70 ሳንቲ ሜትር ቁረጡ። የታችኛው ጫፍ ሰያፍ፣ የላይኛው ቀጥ ያለ ይሁን፤ ተገልብጦ የተተከለ አይበቅልምና ምልክቱ ይኸው ነው። ቅጠሉን አራግፉ፣ ሁለት ሌሊት ውሃ ውስጥ አሳድሩት። በፌሮ ቀዳዳ ክፈቱ፣ 50 ሳንቲ ሜትሩን ወደ መሬት ስደዱ፣ ዙሪያውን በተረከዝ ጠቅጥቁ። በመዶሻ ከመታችሁት አናቱ ይሰነጠቃል፤ አፈሩ ካልተጠቀጠቀ ደግሞ በውስጡ የቀረው ክፍተት ያደርቀዋል። አንዱ ረድፍ ከበጋው ውሃ ጫፍ ትንሽ ከፍ ብሎ፣ ሁለተኛው ከሱ ግማሽ ሜትር በላይ ይሁን፤ በእንጨቶቹ መካከል 50 ሳንቲ ሜትር። ለሁለቱ ረድፍ ከነመጠባበቂያው 100 እንጨት ያዙ።

ላይኛው ክፍል የቬቲቨር ሳር ነው፣ ይኸኛው ሐምሌ መጀመሪያ አፈሩ ሲርስ ይተከላል። ሁለት ሦስት ቡቃያ ያለውን ግንጥል ቅጠሉን በ20 ሳንቲ ሜትር ቆርጣችሁ በ15 ሳንቲ ሜትር ርቀት ደርድሩ፤ ለሁለት ረድፍ 270 ገደማ ይፈልጋል። ባህር ዛፍ በነፃ ቢሰጧችሁም እንቢ በሉ፤ ከሥሩ ሳር ስለማይበቅል አፈሩ ባዶውን ይቀራል።

ለሁለት ክረምት በእሾህ እጠሩ፣ ፍየል አንድ ቀን ብትገባ የወር ሥራ ታጠፋለች። ግን ሦስት ሜትር የከብት መጠጫ በድንጋይ አንጥፋችሁ ክፍት ተዉ። መውረጃ ያጣ እረኛ አጥሩን በሌሊት ይከፍተዋል፣ አይፈረድበትም።

ከመጀመሪያው ጎርፍ በኋላ በእንጨቶቹ ላይ የተጠመጠመውን ፌስታልና ቆሻሻ አንሱ፤ ውሃው በሱ በኩል ነው የሚነቅላቸው። የሞተውን ተኩ። ሌላ ቦታ ዓሣ ለማደንዘዝ የብርብራ ፍሬ ወቅጦ ውሃው ላይ የሚበትን ካለ ሥራው ከንቱ ነውና ከሰፈሩ ሰው ጋር ቀድሞ መነጋገር ያስፈልጋል።

ህዳር ላይ ያንኑ ጠጠር በእግር ነካክታችሁ አጎበሩን እንደገና ዘርጉ። አሁንም ደመና የመሰለ ጭቃ ከወጣ ከላይ ሌላ የሚናድ ቦታ አለ፤ ወንዙን ተከትሎ ወደ ላይ ወጥቶ መፈለግ ነው።