በቤዝቦል ጌም ስታርተርና ሪሊቨር እንዴት እንደሚመረጥ

ደብረ ብርሃን ፉትቦል ማኔጀር የተባለውን የእግር ኳስ ቡድን የማስተዳደር ጌም የሚጫወት ልጅ ሞልቷል። ከዚያ ወደ ቤዝቦሉ፣ ማለትም ወደ አውት ኦፍ ዘ ፓርክ የሚሻገር ሰው ግን ቶሎ ግራ የሚገባው ወርዋሪዎቹን፣ ማለትም ኳሱን ለተጋጣሚው መቺ የሚወረውሩትን፣ ሲመድብ ነው። ቡድኑ 26 ተጫዋች ይይዛል፤ 13ቱ ወርዋሪ ናቸው እንበል። ማን ጨዋታውን ይጀምር? ማን ተቀምጦ ይጠብቅ? ብዙው ሰው ጌሙ በሚሰጣቸው ኮከብ ብዛት ደርድሮ ያልፋል። እባካችሁ እንደዛ አታድርጉ።

አንድ ጨዋታ 9 ኢኒንግ ነው፤ ኢኒንግ ማለት ሁለቱም ቡድኖች በየተራ አንድ አንድ ጊዜ የሚመቱበት የጨዋታ ክፍል ነው። ስታርተሩ ይጀምርና ደህና ቀን ከሆነለት 5 ወይም 6 ኢኒንግ ይዘልቃል። የቀረውን ሪሊቨሮች ይጨርሱታል። አንዴ የወጣ ወርዋሪ፣ ልክ እንደ እግር ኳሱ፣ ተመልሶ አይገባም። ስታርተር ወርውሮ ሲጨርስ ብዙውን ጊዜ 4 ቀን ያርፋል። ቡድኖች 5 ስታርተር የሚይዙት ለዚህ ነው።

መጀመሪያ ስታሚናውን፣ ማለትም ሳይደክም የመወርወር አቅሙን፣ እዩ። ስታሚናው ዝቅ ያለ ወርዋሪ የቱንም ያህል ጎበዝ ቢሆን መሀል ላይ ይደክማል። እሱን ካስጀመራችሁት ሪሊቨሮቻችሁ በየጊዜው ቶሎ ይገባሉ፤ ሳምንቱ ሳያልቅ የሚወረውር ሰው ታጣላችሁ። ስለዚህ እሱ ሪሊቨር ነው፣ አለቀ።

ስታሚና ያላቸውን ለይታችሁ ስትጨርሱ ወደ ዋናው ጉዳይ ግቡ፦ ስንት ዓይነት ውርወራ ያውቃል? ተጋጣሚው 9 መቺ አለው። ስታርተር እያንዳንዱን መቺ ሁለቴ፣ አንዳንዴም ሦስቴ ያገኘዋል። በሦስተኛው ዙር፣ ማለትም ለሦስተኛ ጊዜ ሲገናኙ፣ መቺው ለምዶታል። በእውነተኛው ቤዝቦልም መቺዎች በሦስተኛው ዙር የተሻለ ይመታሉ። ለዚህ ነው ስታርተር ቢያንስ 3 የሚታመኑ ውርወራዎች የሚያስፈልጉት። ሪሊቨር ግን አንድን መቺ በአንድ ጨዋታ አንዴ ቢያገኘው ነው፤ 2 ጥሩ ውርወራ ይበቃዋል። ደግሞም ለአንድ ኢኒንግ ብቻ ስለሚገባ ጉልበቱን ሳይቆጥብ ይወረውራል፤ ጌሙም ይህን ያስብለታል።

እውነተኛውን ወርዋሪ ማሪያኖ ሪቬራን እዩ። እ.ኤ.አ. በ1995 ለኒው ዮርኩ ቡድን ለያንኪስ 10 ጨዋታ ጀመረ፣ አልሆነለትም። ሪሊቨር ሲሆን ግን በዋናነት ከተር በምትባለው አንዲት ውርወራ 652 ሴቭ (ቡድኑ እየመራ ገብቶ ድሉን ጠብቆ የጨረሰበት ጨዋታ) ሰበሰበ። እስካሁን የሚስተካከለው የለም።

አሁን ሁለት ወርዋሪ አጠገብ ለአጠገብ እናስቀምጥ። ነጥቡ ከ20 እስከ 80 ነው፣ 50 መካከለኛ። የአንዱ ፋስትቦል (ፈጣኑ ውርወራ) 70፣ ስላይደር (ወደ ጎን የሚሸሸው) 65፣ ቼንጅአፕ (ፈጣን መስሎ የሚዘገየው) 30 ነው። የሌላው ፋስትቦል 50፣ ከርቭ (ታጥፎ የሚወርደው) 50፣ ቼንጅአፕ 55። ዓይን የሚስበው የመጀመሪያው ነው። ስታሚናቸውና ኮንትሮላቸው (ኳሱን የፈለጉበት ቦታ የመጣል ብቃታቸው) እኩል ከሆነ ግን እኔ የማስጀምረው ሁለተኛውን ነው። የመጀመሪያው ያቺ 30 ቼንጅአፕ በሦስተኛው ዙር ታስመታዋለች። ዕድሜውንም እዩ። 21 ዓመቱ ከሆነና ቼንጅአፑ ወደ 50 የማደግ ተስፋ ካለው ታችኛው ሊግ ላይ ስታርተር ሆኖ ይቆይ፣ አትቸኩሉ። 29 ከሆነው ግን ያው ነው፤ ወደ ሪሊቨሮቹ ውሰዱትና ተጠቀሙበት።

ከተጠራጠራችሁ ስታርተር አድርጉት። ጥሩ ስታርተር በዓመት 150 እና ከዚያ በላይ ኢኒንግ ይወረውራል፣ ሪሊቨር ግን ከ60 እስከ 70። መካከለኛ ስታርተር ለቡድን ያለው ጥቅም ብዙ ጊዜ ከጥሩ ሪሊቨር ይበልጣል። ውሳኔውም የማይመለስ አይደለም። ስታርተር የነበረው ጆን ስሞልትዝ እ.ኤ.አ. በ2002 ክሎዘር፣ ማለትም መጨረሻ ላይ ገብቶ ጨዋታውን የሚዘጋ ሪሊቨር፣ ሆኖ 55 ሴቭ አስመዘገበ፣ በ2005 ደግሞ ወደ ስታርተርነቱ ተመለሰ።

ግራኝ መቺ ብቻ የሚያሸንፍ ወርዋሪ ካላችሁ ተጠንቀቁ። እ.ኤ.አ. ከ2020 ወዲህ በአሜሪካው ትልቁ ሊግ፣ በሜጀር ሊግ፣ የገባ ወርዋሪ ቢያንስ 3 መቺ መግጠም ወይም ኢኒንጉን መጨረስ አለበት። ጌማችሁ በዚህ ሕግ የሚሄድ ከሆነ ለአንድ መቺ ብሎ ሰው መያዝ አያዋጣም።

ስታዲየሙንም አትርሱ። ይህን ለኛ ለደገኞቹ ማስረዳት አይከብድም። ኮሎራዶ ሮኪስ የሚባለው ቡድን የሚጫወተው ዴንቨር ላይ፣ 1,600 ሜትር ከፍታ ላይ ነው። ደብረ ብርሃን ወደ 2,800 ሜትር ናት። አየሩ ሲሳሳ የተመታ ኳስ ይርቃል፣ ከርቩም በደንብ አይታጠፍም። ኮሎራዶን ከያዛችሁ ኳስ መሬት ለመሬት የሚያስመታ ስታርተር ምረጡ።

5ቱን ስታርተሮች ከመረጣችሁ በኋላ ከሪሊቨሮቹ ምርጡን ክሎዘር ማድረግ የተለመደ ነው። እኔ ግን ምርጡን በ7ኛው ወይም በ8ኛው ኢኒንግ፣ የውጤቱ ልዩነት ሲጠብና ጠንካራዎቹ መቺዎች ሲመጡ ባስገባው እመርጣለሁ። ለ9ኛው ሁለተኛው ሰው ይበቃል።

6ኛና 7ኛ የወጡትን ስታርተሮች እንዳትሸጧቸው። አንዱን ስታርተር ቶሎ ሲወጣ 3 ኢኒንግ የሚሸፍን ረጅም ሪሊቨር አድርጉት። ሌላው ታችኛው ሊግ ላይ በየ5 ቀኑ እየጀመረ ይቆይ። የወርዋሪ ክንድ ቶሎ ይጎዳል፤ ዓመቱ ሳያልቅ ሁለቱንም መጥራታችሁ አይቀርም።